«ሰምተነዋል» ስለ ማለት

ለመሆኑ ከመካከላችን «እስቲ ይህን ስማው» ተብሎ የማያውቅ ማን አለ? እሑድ ከሰዓት በኋላ መርሐ ግብራችን ሲያበቃ ወዲያው ወደየቤታችን አንበተንም፤ ከማንጎው ጥላ ሥር ቆመን ጥቂት እንጫወታለን። አሶሳ የማንጎ አገር ናትና ጥላ አይቸግረንም። የጨዋታችንም መክፈቻ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በዚህ ሳምንት ምን አዲስ ነገር አገኛችሁ?» እንባባላለን። አንዱ ሰሞኑን የወጣ አልበም ያመጣል። ሌላው አባቱ በወጣትነቱ ይወደው የነበረውን የዋልያስ ባንድን ሙዚቃ ከየት እንደሆነ እንጃ ፈልጎ አግኝቶ ይመጣል። አንዲት እኅታችን ደግሞ የመሰንቆ ወዳጅ ናትና ስሙ ያልተጻፈ የወሎ አዝማሪ የተጫወተውን ታሰማናለች። መዝሙር የሚያመጣም አለ። ስልክ ከስልክ ይገናኛል፤ ሚሞሪ እንለዋወጣለን፤ ኢንተርኔት የተከፈተለትም በቴሌግራም ይልካል።

በሚቀጥለው እሑድ ሰጪው «ሰማችሁት?» ብሎ ይጠይቃል።

እኛም ዓይናችንን ሳናሽ «ሰምተነዋል፤ ግሩም ነው» እንላለን።

እውነቱ ይነገር ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ አልሰማነውም። ወይም መግቢያውን ብቻ ሰምተን፣ የዘፋኙ ድምፅ ገና ሳይመጣ ወደ ሌላው አልፈናል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምራት የተነሣነው ይህችን «ሰምተነዋል» የምትባለዋን ቃል ነው። ያልሰሙትን ዜማ ሰማሁ ማለት በደል ነውን? በደል ከሆነስ የተበደለው ማን ነው? ወይስ ሰውን ላለማስቀየም የምንከፍላት ትንሽ የይሉኝታ ግብር ናት?

ከአንባብያን መካከል «ለመሆኑ ወጣት በዚህ ገጽ ስለ ዘፈን መጻፍ ይገባዋልን?» የሚል አይጠፋም። የትኛው ይደመጥ፣ የትኛው ይቅር የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እንተወው። እኛ የምናነሣው ጉዳይ መዝሙሩንም ዘፈኑንም፣ መሣሪያ ብቻ ያለበትንም የሚመለከት ነው። ያልሰሙትን መዝሙር ሰማሁ ማለትም ያው ነውና።

በጉዳዩ ላይ ሁለት እሑድ ተከራክረናል። ክርክሩን ሁሉ ብንዘረዝር ወረቀትና ቀለም መጨረስ ይሆንብናል። የቃሊቱ ጠበቆች ዋና ሐሳብ ግን ይህ ነበር። እኛ ይሉኝታ ያለን ሕዝብ ነን። እንግዳ የቀረበለት ወጥ ጨው ቢበዛበትም «እጅዎ ይባረክ» ብሎ ይነሣል እንጂ ባለቤቲቱን አያሳፍርም። ዜማ የሰጠንም ሰው የፈለገው ደስታውን መካፈል ነው። «ግሩም ነው» ስንለው ፊቱ ይበራል፤ ደስ ብሎት ይሄዳል። እንግዲህ ማን ተጎዳ?

ይህ ክርክር ለጊዜው አሸንፎን ነበር። በኋላ ግን ስናስበው ምሳሌው እንደማይገጥም ታየን። ጨው የበዛበትን ወጥ ያመሰገነው እንግዳ በልቶታል። ምላሱ ባይወደውም የሴቲቱን ድካም ተቀብሏል፤ ምስጋናውም ለድካሟ ነው። እኛ ግን የቀረበልንን ከመሶቡ ሥር ለውሻ ጥለን አፋችንን እንደሚጠርግ ሰው ነን። ሁለቱም «ጣፈጠኝ» ይላሉ፤ ነገር ግን አንደኛው ማዕዱን ተካፍሏል፤ ሌላኛው አልተካፈለም።

ደግሞስ የሚሰጠን ነገር ምንድን ነው? የድምፅ ፋይል ነው ብንል ብዙ አልተናገርንም። ሰው «ይህን ስማ» ሲል ስለ ራሱ የሆነ ነገር መናገሩ ነው። በቃል ቢጠየቅ ሊያስረዳ የማይችለውን፣ ወይም የሚያፍርበትን፣ በሌላ ሰው ድምፅ ይልክልናል። ጓደኛችን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ትዝታ ሲልክልን በዚያ ሰዓት እንዳልተኛም እየነገረን ነው። የላከውን ሳንከፍት «ግሩም ነው» ብለን ብንመልስለት በር አንኳኩቶ «ደህና እደር» እንደተባለ ሰው ይሆናል።

በወላጆቻችን ዘመን ይህ ማታለል እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። ሸክላ የነበረው ሰው ጥቂት ነበር፤ ሸክላውን ሊያሰማ የፈለገም ወዳጁን ወደ ቤቱ መጥራት ነበረበት። አስተናጋጁ መርፌውን አስቀምጦ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ተጋባዡም እስኪያልቅ ይሰማል። የዚያን ጊዜ ሸክላ ራሱ የድፍረት ፍሬ ነበር። የሸክላ ማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ዕገዳውን ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ ሕንድ አገር ልኮ አሳተመ። እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስም መቶ ያህል ትናንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል አልበሞች አወጣ። እስር እየፈራ የሚያወጣውን ሸክላ ሰዎች እየሰሙ «አንተም ስማው» ባይባባሉ ኖሮ ሥራው ከሱቁ ደጃፍ ባላለፈም ነበር።

ከዚያ በኋላ ካሴት መጣ። የካሴት ዘመን ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን ኦሪጅናል ካሴት ሲገዛ ከላይ ጀርባው ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩት። እነዚያ ቀዳዳዎች ባዶ ከሆኑ በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። ሌላ ዘፈን ሊቀዳበት የፈለገ ሰው ግን በወረቀት ወይም በፕላስተር ይደፍናቸውና ቴፑ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ድምፅ የለም። ስንት ጥሩ ዜማ በቁራሽ ፕላስተር እንደ ጠፋ የሚቆጥረው የለም። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ያልተደፈነ ካሴት ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ነገር እናንሣ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሌሊት ሌሊት ሲጫወት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ለጉዞ ወደ አሜሪካ ሄደ። ኃይሉም እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አቀናብሮ «ሸሞንሟናዬ» የሚል ካሴት ሠራ። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፤ ተደመጠ፤ ጊዜውም አለፈ። ኃይሉ ከመድረክ ርቆ የታክሲ ሾፌር ሆነ። በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ለራሱ ይጫወት ነበር ይባላል፤ እርሱም ይህን አልካደም። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት አገኘው። ሰማው። ሰውዬውን አፈላልጎ ስልክ ደወለለት፤ ሥራውንም በዚያው ዓመት እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመልሶ በብዙ አገር ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

በዚህ ታሪክ ሁሉም የሚያነሣው አሜሪካዊውን ነው። እኛ ግን የምናስበው ካሴቱን ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ሳይደፍኑ ያቆዩትን እጆች ነው። ካሴቱ ከዋሽንግተን ተነሥቶ እስከ ባሕር ዳር በየእጁ አልፏል፤ ከነዚያ እጆች አንዱ ፕላስተር ቢለጥፍበት ኖሮ ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ዛሬም ተራ ይጠብቅ ነበር። ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች ናቸው። ምናልባት ከእነርሱ አንዱ «ይህን ስማው» ተብሎ በእርግጥ የሰማ ሰው ይሆናል።

የማህሙድ አህመድም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ከኢትዮጵያ የተመለሰ ወዳጅ ያመጣውን የማህሙድን ሸክላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ሰማ፤ እርሱም ላገኘው ሁሉ አሰማ። እ.ኤ.አ. በ1986 «ኤረ መላ መላ» ብራስልስ ላይ ታተመ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮም «ኢትዮፒክ» የተባለው ተከታታይ ሠላሳ ያህል አልበም ሆኖ ወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ ሙላቱን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ የማይል ወጣት ጠፋ። (ከእኛም መካከል ይህን ያለ አለ፤ ስሙን አንጠቅስም፤ እርሱ ራሱ እያነበበ ይስቃል።)

ስለዚህ የድሮ ሰው ሁሉ ቅን ነበር፣ የዛሬው ሁሉ አታላይ ነው ለማለት አይደለም። ያን ጊዜም ሽፋኑን ብቻ አይቶ የባንድ ስም የሚቆጥር ነበር። ዛሬ የተለወጠው ብዛቱ ነው። አንድ ጓደኛችን በአንድ ምሽት አርባ ሦስት ዘፈን በቴሌግራም ልኮልናል። አርባ ሦስት! ይህን የሚያህል የሚልክ ሰው ራሱስ ሰምቶታልን? በእኛ አስተያየት ጥፋቱ ከሰጪውም ዘንድ አለ። ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያራግፍ ሰው ከሰጠን ይልቅ የጫነብን ይበልጣል። «እንዴት ነው፣ ግሩም አይደለም?» ብሎ የሚጠይቅም መልሱን አብሮ አስይዞ ስለሚመጣ «አልወደድኩትም» የምንልበትን ቦታ ይዘጋብናል።

ከመካከላችን አንዲት እኅት በዚህ ረገድ ትለያለች። አንድ ነገር ሲሰጣት «ገና አልሰማሁትም፤ እስከ ሐሙስ ቆየኝ» ትላለች። ሐሙስ ሲደርስ «ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ መጀመሪያው ደስ ይላል፤ መጨረሻው ረዘመብኝ» ትላለች። በመጀመሪያ ኩሩ ናት እያልን እናማት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሁላችንም በእርግጥ የምንወደውን ነገር ለእርሷ ብቻ ይዘን መሄድ እንደ ጀመርን አስተዋልን። የሌሎቻችን «ግሩም ነው» ዋጋው ወርዶ ነበርና።

«ያልለመድነውን ዜማ እንዴት እስከ መጨረሻው እንስማ?» የሚል ምክንያትም አለ። ይህ ለአሶሳ ልጅ የሚያዋጣ አይመስለንም። ኩርሙክን ተሻግሮ የሚመጣውን የሱዳን ሙዚቃ በሻይ ቤቱም በሱቁም ስንሰማ ያደግን ነን። ከእኛ ብዙዎቹ ዐረብኛውን አንሰማም፤ ዜማውን ግን እስከ መጨረሻው እናዜማለን። የሱዳኖቹም የእኛም ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የተሠራ ስለሆነ ጆሯችን አይገፋውም ይላሉ አዋቂዎች። መሐመድ ዋርዲ ከአገሩ ተሰዶ በነበረበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ ላይ መዝፈኑ፣ ሕዝቡም ቃሉን ሳያውቅ አብሮት ማዜሙ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጦርነት ወዲህ በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ ዞን የገቡትም ስደተኞች ብዙ ነገር ጥለው ሲመጡ ዋርዲን በስልካቸው ይዘው መጥተዋል። ስለዚህ ቋንቋ አለማወቅ ምክንያት አይሆነንም።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነው ለመግቢያ ያህል ነው። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን የራሳችን ጥፋት ነው፤ አሁን ወደ እርሱ እንለፍ።

ከእኛ ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ተነሥተው በአሶሳ አካባቢ የሰፈሩ ቤተሰቦች የልጅ ልጆች ነን። ወሎን ሳናይ የወሎን ዜማ እናውቃለን፤ አያቶቻችን በቃላቸው ይዘውት መጥተዋልና። ከከተማው ወጣ ብለን ብዙ ሳንርቅ የሚሰማውን የበርታን ዋዛ ግን አናውቀውም ነበር። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ቅሎቹ አንዱ በአንዱ እየተሰኩ ይረዝማሉ፤ የትልቁ ርዝመት የሰው ቁመት ሊያህል ይችላል። የሚያስደንቀው ግን እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው አንዲት ድምፅ ብቻ መሆኑ ነው። ዜማ የሚሆነው አሥር ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎች ተራቸውን ጠብቀው፣ ሁሉም የየራሱን አንዲት ድምፅ በጊዜዋ ሲያስገባ ነው። ብቻውን ዋዛ ነፍቶ ዜማ ሊያሰማ የሚችል ሰው የለም።

በአማርኛችን «ዋዛ» ማለት ቀልድ፣ ቁም ነገር የሌለው ማለት መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ገጠሙ እንጂ አይገናኙም። እኛ ግን ነገሩን በአማርኛው ትርጉም ያዝነው።

በ2009 ዓ.ም. አንድ የበርታ ልጅ የክፍል ጓደኛችን ነበር። ከማንጎው ሥር ስንለዋወጥ አልፎ አልፎ ይመጣና ዳር ቆሞ ይሰማል። የሰጠነውን ሁሉ ይወስዳል፤ በሳምንቱም መልሶ የትኛው ላይ ምን እንደሰማ ይነግረናል። አንድ ቀን «እኔም አንድ ነገር ላሰማችሁ» አለና ሚሞሪ ሰጠን። የአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ በስልኩ የቀዳው የዋዛ ጨዋታ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ይሆናል። «ትልቁን የሚነፋው አያቴ ነው፤ ድምፁን ለዩልኝ» አለን።

ተቀበልነው። ከመካከላችን አንዱ ወደ ስልኩ ገለበጠው። አንድ ደቂቃ ያህል ከፈትነው፤ የሰው ጫጫታና የነፋስ ድምፅ አለበት፤ አንዳችን «ቅጂው ጥሩ አይደለም» አለና ዘጋነው። ሚሞሪውን መለስንለት።

በሳምንቱ መጣ። «ሰማችሁት?»

«ሰምተነዋል፤ ግሩም ነው።»

«የአያቴን ለያችሁት?»

«አዎን፤ ለየነው» አልን። ይህን ያለው አንዱ ነው፤ ሌሎቻችን ግን ዝም አልን። ዝም ማለታችንም ያው ነው።

ደስታውን ልንገልጸው አንችልም። ያን ዕለት ምን ያህል እንደሳቀ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከአንድ ወር በኋላ ገደማ ደግሞ አዲስ አልበም ወጣና ስልኩ ላይ ቦታ አልበቃ አለ። ባለ ስልኩ ዝርዝሩን ሲያይ ከሁሉ ትልቁ ያ ቅጂ ሆነ። አጠፋው። ተማክረን ነው ያጠፋነው፤ በእርሱ ብቻ አናላክክም።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. በከተማችን የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ተነሣ። በተከታዮቹም ዓመታት በመተከልና በካማሺ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋልና እዚህ አንዘረዝረውም። ጓደኛችን ከቤተሰቡ ጋር ወደ ገጠር ሄደ፤ እኛም በየቤታችን ተዘግተን ከረምን። በዚያን ጊዜ ስለ እነርሱ የሚወራውን ሰምተናል፤ እነርሱም ስለ እኛ የሚወራውን ሰምተዋል። ወሬውን ግን እስከ መጨረሻው ሰማነው፤ መሐል ላይ አላቋረጥነውም።

በ2012 ዓ.ም. ገበያ ላይ አገኘነው። ቁመቱ ጨምሯል። ተሳሳምን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ትምህርት ተጠያየቅን። ከዚያ «ወንድሞቼ፣ እናንተን ስፈልግ ነበር» አለ። አያቱ በ2011 ዓ.ም. ማረፋቸውን፣ ስልኩም ሚሞሪውም በዚያ ግርግር መጥፋታቸውን ነገረን። የአያቱ ድምፅ ያለበት ሌላ ቅጂ የለም። «እናንተ ጋ ግን አለ። እናንተ ወዳችሁት ነበር» አለ።

ቀጠለና እኛ የማናውቀውን ነገር ጨመረልን። ያን ጊዜ የከተማ ልጆች ዋዛውን ሰምተው እንደወደዱት፣ ድምፃቸውንም ለይተው እንዳወቁት ለአያቱ ነግሯቸው ነበር። ሽማግሌው በጣም ደስ ብሏቸው ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ያወሩት ነበር። በመጨረሻም በግጭቱ ሰሞን ጎረቤቶች ስለ ከተማ ሰው ክፉ ሲያወሩ «እነዚያ ልጆች ግን ድምፄን ያውቃሉ» ይሉ ነበር አለን።

ይህን ታሪክ ለማኅበራችን ባነሣን ጊዜ የ«ሰምተነዋል» ጠበቃ የነበረው ወንድማችን «እንግዲህ ውሸታችሁ መልካም ሠርቷል፤ ሽማግሌውን አስደስቷል፤ ምናልባትም ክፉ ወሬ አብርዷል» ብሎ ተከራከረ። መልስ ለመስጠት ብዙ አስበናል። ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ያመሰገኑን ባላደረግነው ነገር ነው። ያን ያህል መልካም ግምት ያስገኘ ነገር አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር የሚጠይቀን፤ እርሱንም አልከፈልንም። በሌላ ሰው ስም የመጣ ደብዳቤ ከፍቶ ያነበበ ሰው የሚሰማው ዐይነት ነገር ይሰማናል። ደብዳቤው የተጻፈው ለሰሙት ልጆች ነው፤ እነዚያ ልጆች ደግሞ አልነበሩም።

ገበያው ላይ ወዲያው እውነቱን አልነገርነውም። «እንፈልገዋለን» አልን። ይህ ሦስተኛው ውሸት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በእርግጥ ፈለግን፤ የጠፋ ፋይል ይመልሳል ወደተባለ የስልክ ጠጋኝ ዘንድም ስልኩን ወሰድን። ሰውየው ሞክሮ «በላዩ ላይ ብዙ ነገር ተጽፎበታል» አለን። የካሴቱ ፕላስተር ትዝ ያለን ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ሄደን ነገርነው። አራት ሆነን ሄድን፤ የተናገረችው ያቺ «እስከ ሐሙስ ቆየኝ» የምትለው እኅታችን ናት። እርሷ በ2009 ዓ.ም. ከእኛ ጋር አልነበረችም፤ ነገር ግን እኛ አፋችን ተያዘ። ሳንሰማው «ሰማን» ማለታችንን፣ የአያቱንም ድምፅ አለመለየታችንን፣ ከዚያም ማጥፋታችንን ምንም ሳታስቀር ነገረችው።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ «በእርሱ ቦታ ምን ጫናችሁበት?» ብሎ ጠየቀ።

የአልበሙን ስም ነገርነው። «ከውስጡ የትኛውን ወደዳችሁት?» አለ። እርስ በርሳችን ተያየን። አንድም ዘፈኑን ማስታወስ አልቻልንም።

ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ የንዴት ይሁን የሌላ አላወቅንም። እኅታችን የአያቱ ድምፅ ምን ይመስል እንደነበረ ጠየቀችው። እጁን አፉ ላይ እንደ መለከት አድርጎ አንዲት ወፍራም ድምፅ አወጣ፤ ቆየት ብሎ ደገማት፤ እንደገናም ቆይቶ ደገማት። በመካከሉ ያለውን ዝምታ በጣቱ ይቆጥር ነበር።

«ይህች ብቻ ናት?» አለችው።

«የእርሱ ይህች ብቻ ናት» አለ። «የቀሩት አሥራ አንዱ ሰዎች ሰፈር አሉ።»